ጠበል ላይ ላለ ሰው ክኒን ደብቆ መስጠት፦ ከደሴ የተነሳ ጥያቄና ያስከተለው ክርክር

ነገሩ የኢንተርኔት ላይ የውይይት ክር ነው፤ አንድ ጥያቄ ተጽፎ መልሶች የተከታተሉበት። መክፈቻው አጭር ነበር። የጻፈችው የደሴ ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ መስማት ከጀመረ ቆይቷል። ሌሊት አይተኛም። ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨምሩብኛል እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ይፈራል። ሆስፒታል ወስደውት ክኒን ታዘዘለት፤ ረጋ ማለትም ጀምሮ ነበር። በመሃል እናትየው ሕልም አዩ። ሕልሙን የፈቱላቸው ሰዎች ልጁን የያዘው መንፈስ ነው አሏቸው፤ ጠበል ገባ። እዚያ ደግሞ መድኃኒትና ጠበል አብሮ አይሄድም ተባሉ። እህት የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው፦ ክኒኑን አድቅቄ ሽሮው ውስጥ ብጨምርለትስ?

ከዚያ በኋላ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው እነግራችኋለሁ። በራሴ አነጋገር ነው፤ የማንንም ስም አልጠራም። እኔም የዚሁ ከተማ ሰው ነኝ። ይህ ጥያቄ በስንት ቤት በሹክሹክታ እንደሚጠየቅ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

1ኛው መላሽ ከሸዋ በር አካባቢ ነው። አብሽሪ እህቴ ብሎ ጀመረ፤ ዱአ አደረገላት። ከዚያ የራሱን አያት ነገር አነሳ። ሴትየዋ ሙስሊም ናቸው፤ ግን ራሳቸውን ባመማቸው ዘመን ጠበል ተወስደው ተጠምቀዋል። የክርስቲያን ጎረቤታቸው ልጅ ደግሞ ሼህ ዘንድ ተወስዶ ቁርኣን ተቀርቶበታል። ማንም ማንንም አልከለከለም። ወሎን ለሚያውቅ ይህ አዲስ አይደለም። እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ያድነዋል የሚለው ነው፤ ሃይማኖቱ ኋላ ይመጣል።

2ኛዋ ኮምቦልቻ የምትሠራ የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። መልሷ ግልጽ ነው፦ አታድርጊው። ልጁ ምግቤ ውስጥ ይጨምሩብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ነው። አንድ ቀን ሽሮው መረር ብሎት ዱቄቱን ቢያገኘው የፈራው ሁሉ እውነት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የእህቱን እጅ አያምንም፤ ምግብም ሊተው ይችላል። ሁለተኛ፣ ግማሹ ሳህኑ ላይ ከቀረ ስንት እንደወሰደ የሚያውቅ የለም። ሦስተኛ፣ እየተደቀቁ የማይወሰዱ ክኒኖች አሉ። ከዚያ ይልቅ ያዘዘለትን ባለሙያ እንድታነጋግር መከረቻት፤ ለእንዲህ ያለ ሕመም በወር አንዴ የሚወጋ መርፌም አለ፣ ልጁ ከተስማማ እሱ ይታያል አለች። በክሩ ውስጥ ከሁሉም በላይ የጠቀመ መልስ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

3ኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ ጋሼ ናቸው፤ አጻጻፋቸው የቤተ ክህነት ሰው ያስመስላቸዋል። ነርሷን አመስግነው አንድ ነገር አረሙ። ጠበል መድኃኒት ይከለክላል የሚለው የቤተ ክርስቲያን ሕግ አይደለም፤ የአንዳንድ አጥማቂ ቃል ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በአደባባይ መምከራቸውን አስታወሱ። በዚያን ጊዜ እንጦጦ ላይ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ጠበል ብቻ ይዞ ነበር። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይም ሐኪሙን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው የሚል አለ። ለኤች አይ ቪ የተፈቀደ ለአእምሮ ሕመም የሚከለከልበት ምክንያት የለም አሉ። እህት ይህን ይዛ የቦታውን አስተዳዳሪ እንድታነጋግርም ነገሯት።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በጨዋነት ነበር።

4ኛው መጣና ነገሩን አካረረው። ወጣት ነው፤ ቁጣው ከፊደሉ ይሰማል። አንድ ጠበል ቦታ እግሩ በሰንሰለት የታሰረ ልጅ አይቷል፤ ቁርጭምጭሚቱ ቆስሎ ነበር። ይህን ባህል ብላችሁ የምታቆላምጡት እናንተ ናችሁ ብሎ 1ኛውንና 3ኛውን በአንድ ላይ ወቀሰ። ጋሼን አንተ ብሎ መጥራቱ ብዙ ሰው አስቆጣ። በአነጋገሩ እኔም ተከፍቻለሁ። ስለ ሰንሰለቱ ያለው ግን እውነት ነው። ሰንሰለት ደግሞ ጠበል ቦታ ብቻ አይደለም ያለው። በየገጠሩ ቤት ጓዳ ውስጥ የሚያስሩት እናትና አባት ናቸው፤ የሚያስሩትም ጠልተውት አይደለም። ልጁ ገደል እንዳይገባ፣ መኪና እንዳይበላው፣ የሰው ንብረት አጥፍቶ እንዳይደበደብ ፈርተው ነው። ሌላ መላ ያሳያቸው ሰው የለም።

5ኛዋ ለ4ኛው መለሰች። አጎቷ ሐኪም ቤት ነበር የታሰረው፣ በጨርቅ፣ አልጋ ላይ። መርፌ ተወግቶ ቤት ሲመለስ ማታውን አንገቱ ወደ ጎን ተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ጣሪያ ተሰቀለ፣ ምላሱ ወጣ። ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ መንፈሱ ተገለጠ አለ። በማግስቱ ሼህ ዘንድ ወሰዱት፤ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ያ ቤተሰብ ሆስፒታል አልረገጠም። ስለዚህ ሳይንስ ሳይንስ አትበሉብኝ ብላ ዘጋች።

6ኛው መልስ የነርሷ ነው። ተመልሳ መጣች፤ ሴትየዋን አልነቀፈችም። ያ የሆነው የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው ብላ አስረዳች። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ሥራ ያግዳሉ። ድምፁን የሚያበርዱት በዚህ መንገድ ነው። ግን ያው ኬሚካል የጡንቻን እንቅስቃሴም ስለሚመራ፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ሊያጣምም፣ መንጋጋ ሊቆልፍ ይችላል። ትራይሄክሲፌኒዲል የሚባል ማርከሻ አለው፤ ቶሎ ይለቃል። ሳይታከምም ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ከደም ሲወጣ ይለቃል፤ ሼሁ ዘንድ የተለቀቀውም ለዚህ ሊሆን ይችላል አለች። ቀጥላ የተናገረችው ነው የገረመኝ። ጥፋቱ የቤተሰቡ አይደለም፣ መርፌውን ወግቶ ይህ ሊመጣ ይችላል ብሎ ያልነገራቸው ባለሙያ ነው ያጠፋው ብላ ፈረደች። አስቡት። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ማስጠንቀቂያ ቢነገራቸው ኖሮ ያ ቤተሰብ ከሕክምና ባልራቀ። አንገቱ የተጣመመ ሰው አይቶ መንፈስ ነው ማለት፣ ሌላ ማብራሪያ ላልተሰጠው ሰው ምክንያታዊ ግምት ነው።

7ኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ባህል የሕመሙን መልክ ጭምር ይለውጣል ብሎ ያነበበውን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአሜሪካዊቷ የባህል አጥኚ (አንትሮፖሎጂስት) የታንያ ለርማን ጥናት ነው። ድምፅ የሚሰሙ 60 ሕሙማንን አነጋገረች፤ 20ው ካሊፎርኒያ፣ 20ው ጋና አክራ፣ 20ው ሕንድ ቼናይ። አሜሪካውያኑ ድምፁን ባብዛኛው የሚያስፈራራና ስለ ጥቃት የሚያወራ፣ የበሽታቸው ምልክት አድርገው ገለጹት። ቼናይ ያሉት ብዙዎቹ የዘመዶቻቸውን ድምፅ ነበር የሚሰሙት፤ ተነስ፣ ታጠብ፣ ቤት አጽዳ የሚል። አክራ ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው አሉ። ሕመሙ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የሚናገረው እንደየሀገሩ ነው። ተማሪው ከዚህ ተነስቶ የእኛ ሀገር ሕሙማን ከፈረንጅ የተሻለ ይድናሉ ብሎ ደመደመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የጀመረውን ጥናትም ጠቀሰ፤ በናይጄሪያና በሕንድ ያሉ ሕሙማን ከሀብታም ሀገሮቹ የተሻለ አገግመው ተገኝተው ነበር።

8ኛው ይህን አልተቀበለውም። እሱ በቡታጅራ የተደረገውን ትልቅ ጥናት አነሳ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቆ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለዩ። ከእነሱ አብዛኞቹ የዘመናዊ ሕክምና ደጃፍ ረግጠው አያውቁም ነበር። ለዓመታት ሲከታተሏቸው ብዙዎቹ ሕመሙ ሳይለቃቸው ኖሩ፤ ከሌላው ሰው ቀድመውም ሞቱ። ማኅበረሰባችን ስላቀፋቸው ድነዋል የሚለው ተረት ይብቃን አለ። ቃሉ መረረ፤ ግን በማስረጃ ነው የተናገረው። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ባህላችንን መውደድ ማለት በበረት አጠገብ ታስሮ የሚሞተውን ሰው አለማየት አይደለም።

9ኛዋ እትዬ ናቸው። በልጃቸው ስልክ እንደሚጽፉ ራሳቸው ተናግረዋል። ስለ ወዳጃ ጻፉ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወዳጃ ለማያውቅ፣ ሰዎች ተሰብስበው ጭሱ ጨሶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ጫቱ ተበትኖ የሚደረግ ዱአ ነው። የጨነቀው ሰው ጭንቀቱን በጉባኤው ፊት ያወጣል። መራቂው ይመርቃል፤ ቤቱ በሙሉ አሚን ይላል። እትዬ ሦስተኛ ልጃቸው ሞቶባቸው ከሰው ተለይተው ነበር። ምግብ አልፈልግ አሉ፣ ፀጉራቸውን አላበጥር አሉ። ጎረቤት ሴቶች ዱበርቲ ሆነው፣ ማለትም ለዱአ ተሰብስበው፣ ቤታቸው ተቀመጡ። በየሳምንቱ። ቢያለቅሱ አብረው አለቀሱ፤ ዝም ቢሉ ዝም አሉ። ቀስ እያሉ ሰው ሆኑ። የእኔ ጭንቀት በሰው ወጣ፣ የዚህ ልጅ ግን እንደኔ አይመስለኝም፣ ሐኪም አይቅርበት አሉ። ይህን ልዩነት ያወጡት ያልተማሩ እናት ናቸው። ሐዘን፣ ድብርትና ድምፅ መስማት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለአንዱ የሰው ፊት ብዙ ይሠራል፤ ለሌላው የሰው ፊት ከመድኃኒት ጋር መሆን አለበት።

10ኛው ጫት የሚለውን ቃል ይዞ ሄደ። ልጁ ይቅማል ወይ ብሎ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ብዙ የሚቅም ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ይጠራጠራል፣ ድምፅም ሊሰማ ይችላል፤ የታመመውንም ያብስበታል። 11ኛው ግን ስለ ጫት ዋጋ አማረረ። 12ኛው የኮምቦልቻ ሙቀትና የደሴ ብርድ ለጭንቀት የትኛው ይሻላል አለ፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት መልሶች ስለ ጦሳ ተራራ ጉምና ስለ ቦርከና ወንዝ ብቻ ነበሩ። እነሱን አልፌያለሁ።

16ኛዋ ክሩን መለሰችው። መምህርት ናት። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ከተማዋ በጦርነት ውስጥ ሳለች እዚሁ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ የሚደነግጡ፣ ጥይት በሌለበት ጥይት የሚሰሙ ተማሪዎች እንዳሏት ጻፈች። ወላጆቻቸው ደንግጦ ነው፣ ጠበል ይረጭ፣ ዱአ ይደረግ ይላሉ፤ የሚከፋ ነገር የለውም። የከፋት ሌላ ነው። ልጆቹ የሆነውን ማውራት ሲጀምሩ አታንሳው፣ ያለፈ አልፏል እየተባሉ ዝም እንዲሉ መደረጋቸው ነው። መቻል፣ ሆድ ይፍጀው ማለት ትልቅ ክብር ያለው ጠባይ ነው እኛ ዘንድ። ልጅ ላይ ሲጫን ግን ያደቀዋል አለች። ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ቆየሁ።

17ኛው በውጭ የሚኖር የኮምቦልቻ ልጅ ነው። የዚምባብዌን ልምድ አመጣ። ሐራሬ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረ ሥራ፣ አያቶች ትንሽ ሥልጠና ወስደው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያነጋግራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ዘዴው ድብርትን በግልጽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እትዬን በስም ጠርቶ እርስዎማ ለዚህ ነበር የተፈጠሩት አላቸው። እሳቸውም መረቁት። 8ኛው እዚህም ገባ፤ አያቶቹ የሚያግዙት ለድብርትና ለጭንቀት ነው፣ ለዚህ ልጅ ሕመም አይደለም ብሎ አስጠነቀቀ። ልክ ነው። ግን ከወሎ ቡና የበለጠ ለዚያ ሥራ የሚመች ወንበር የት አለ?

19ኛው ስለ ሚጥል በሽታ ነው። ልጅ ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት እስከ ዛሬ እንዳልቀረ ተናደደ። ክብሪቱ የሚሠራው ነገር የለም። ሕመሙ ግን ፌኖባርቢታል በሚባል ርካሽ ክኒን ብዙ ጊዜ ይታገሳል። 20ኛው ከእሱ ተነስቶ የቦሩ ሜዳን ሆስፒታል አስታወሰ። ሆስፒታሉ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነው። ሥጋ ደዌም እርግማንና የዘር ነገር ይባል ነበር፤ ሕሙማኑ ከሰው ይለዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቶቹ ተቀላቅለው እንዲሰጡ ካሳወቀ በኋላ ሕመሙ የሚድን ሆነ፤ እርግማን የሚለውም እየቀነሰ መጣ። ሰው እምነቱን ጥሎ አይደለም፤ የዳነ ጎረቤት በዓይኑ ስላየ ነው። ይህን መከራከሪያ በጣም ነው የወደድኩት።

22ኛው መልስ ላይ ሁሉም ዝም አለ። የጻፈው ራሱ ታማሚ የሆነ ሰው ነው። ስለ አንድ ልጅ ይህን ሁሉ ስንጽፍ ልጁ ምን ይፈልጋል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው እንደሌለ ነገረን። ከዚያ የራሱን አወራ። ጠበል ገብቶ ነበር፤ ጠበሉን ይወደዋል፣ እዚያ ማንም እብድ አላለውም። ክኒኑን ግን ካልሲው ውስጥ ደብቆ ነበር የሚውጠው፤ ቢያዩት ያባርሩታል። ወደ ሐኪም ሲሄድ ደግሞ ጠበል እንደነበረ ይደብቃል፤ አንዴ ተናግሮ በሰው ፊት ተቆጥተውታል። በሁለቱም ቦታ ዋሽቶ ኖረ። ሌላም ነገር አለ። መድኃኒቱ ያስርበዋል፣ በጣም። የሚጠመቀው ደግሞ ባዶ ሆዱን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ረሃቡን መቻል ሲያቅተው የተወው መድኃኒቱን ነው። አገረሸበት። መራቡን ለሐኪሙ ነግሮ ቢሆን የሚወስድበት ሰዓት ወደ ማታ ይዛወርለት ነበር፤ ግን ጠበሉን ሳያነሳ ጾሙን እንዴት ብሎ ያንሳ?

እኔ ከዚህ ክር የያዝኩት ይህንን ነው። እኛን የሚጎዳን በጠበሉና በክኒኑ መካከል ያለው መደባበቅ ነው። ቁጣ ባለበት እውነት አይነገርም። ሐኪሙ የት የት ሄዳችሁ፣ ምን ተባላችሁ ብሎ በፈገግታ ቢጠይቅ፣ አጥማቂው ወይም ሼሁ መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ ቢል፣ ሁለቱም ከሥራቸው የሚጎድል ነገር የለም። ይህን 23ኛ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። 7ኛው ተማሪ ደግፎ ጨመረበት። የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው መመሪያ ውስጥ ባለሙያው ስለ ባህል የሚጠይቃቸው 16 ጥያቄዎች አሉ። ችግሩን እናንተ ምን ትሉታላችሁ፣ ከምን የመጣ ይመስላችኋል፣ እስካሁን ከማን እርዳታ ጠየቃችሁ የሚሉ ዓይነት ናቸው። 1ኛው መላሽም ነቢዩ ታከሙ ማለታቸውን፣ አላህ በሽታ ሲያወርድ መድኃኒቱንም ማውረዱን አስታውሶ፣ በሰፈሩ መስጊድ ይህ ትምህርት እንዲሰጥ እጠይቃለሁ አለ።

4ኛው ወጣት በዚህ መካከል ተመልሶ ጋሼን አንቱ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ሰንሰለቱ ግን ከቃሉ ፈቅ አላለም፤ ደግም አደረገ።

26ኛዋ እህትየዋ ራሷ ናት። ከጋሼ ጋር በውስጥ መስመር ተነጋግራ የቦታውን አስተዳዳሪ አግኝታለች። እሳቸው አልከለከሉም፤ የከለከለው ከሕሙማን አስታማሚዎች አንዱ ነበር። ወንድሟንም ጠየቀችው። ጠበሉን መተው አልፈልግም፣ ክኒኑን ግን ራሴ ከጠርሙሱ እያወጣሁ ከሆነ እወስዳለሁ አላት። እናትየው ገና ልባቸው አልረጋም።

የመጨረሻው፣ 27ኛው፣ ከሐይቅ ከተማ ነው። ደሴ ድረስ በየወሩ ለመድኃኒት መመላለስ ለትራንስፖርት ከበደን፣ በቅርብ የሚገኝበት መንገድ አለ ወይ አለ። ነርሷ መለሰችለት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባስጀመረው መርሃ ግብር መሠረት በሀገራችንም የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምና የሚጥል በሽታ እንዲያክሙ ሲሠለጥኑ ቆይተዋል። መጀመሪያ የሠለጠነ ሰው በጤና ጣቢያችሁ መኖሩን ጠይቁ፤ ካለ፣ ከሆስፒታሉ የክትትል ደብዳቤ አጽፋችሁ ውሰዱለት፣ መድኃኒቱ ሳያልቅ በፊት ሂዱ አለችው። ደብዳቤው ላይ የመድኃኒቱ ስምና መጠን እንዲጻፍ ደግማ አሳሰበችው።